የመንገድ ዳር አፓርታማ፣ ሰባተኛ ፎቅ፦ የኪራይ ቤት ግምገማ

ይህ ግምገማ የሚመለከተው በአንድ ትልቅ ከተማ እምብርት፣ ሁለት ሰፋፊ መንገዶች በሚገናኙበት ሰፈር፣ በባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ ላይ የሚገኝ ባለ ሁለት መኝታ የኪራይ አፓርታማን ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ለመናገር ያህል፣ ቤቱ ጥሩ፣ ሕንፃው መካከለኛ፣ አስተዳደሩ ደካማ ነው፤ ኪራዩ ግን የተተመነው ሦስቱም ጥሩ እንደሆኑ ተቆጥሮ ነው። ቤት ለማየት የሚመጣ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በሳሎኑ ስፋት፣ በሴራሚኩ ንጣትና ከመስኮቱ በሚታየው ነገር ላይ ነው። ገብቶ መኖር ሲጀምር ግን ቀኑን የሚያሳምሩለትም ሆነ የሚያበላሹበት ከጎረቤቶቹ ጋር የሚጋራቸው ነገሮች ናቸው፦ ውሃውን የሚገፋው ፓምፕ፣ ሊፍቱ፣ ከላይኛው ቤት የሚለየው ሶሌታ፣ የሁሉም ማዕድ ቤት ሽታ የሚወጣበት ዳክት፣ እነዚህንም ሁሉ በኃላፊነት የያዘው ሰው። ስለዚህ ስለ ቀለሙና ስለ ቁም ሳጥኑ ጥቂት፣ ስለ እነዚህ ደግሞ በርከት አድርጌ እጽፋለሁ።

ማስታወቂያው ከእውነታው ብዙም አልራቀም፤ ፎቶግራፎቹ ግን እንደ ተለመደው በሰፊ ሌንስ የተነሡ ነበሩ። እንዲህ ያለው ሌንስ ለካሜራው ቅርብ የሆነውን አግዝፎ፣ ከበስተኋላ ያለውን አሳንሶና አርቆ ስለሚያሳይ፣ በጥቂት እርምጃ የሚያልቅ ክፍል አዳራሽ ይመስላል። ይህን ለመለየት መጠኑ የሚታወቅ ዕቃ መፈለግ ይበቃል፤ በፎቶው ጠርዝ ላይ ያለው ምድጃ ወይም ማቀዝቀዣ ወርዱ ተለጥጦ ከታየ፣ ክፍሉም አብሮ ተለጥጧል ማለት ነው። ስፋቱ በካሬ ሜትር ሲነገርም በረንዳው ተደምሮ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። በዚህ ቤት ተደምሯል፤ በረንዳው ግን ከመንገዱ በሚወጣው ጭስና አቧራ ምክንያት ልብስ ለማስጫ እንኳ አይሆንም።

የክፍሎቹ አቀማመጥ ግን ሊመሰገን ይገባዋል። ሳሎኑና ማዕድ ቤቱ ወደ መንገዱ፣ ሁለቱም መኝታ ቤቶች ወደ ውስጠኛው ግቢ የዞሩ በመሆናቸው፣ በሁለቱም በኩል መስኮት ሲከፈት አየር ቤቱን አቋርጦ ያልፋል፤ በአንድ ወገን ብቻ መስኮት ያለው አፓርታማ ይህን ዕድል አያገኝም። ሳሎኑ ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ከሰዓት በኋላ ይሞቃል። ፀሐይ በዚያ ሰዓት ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ከመስኮቱ በላይ ያለው ጥላ አያግዳትም፤ ከውስጥ የሚሰቀል መጋረጃም የሚያገኛት መስታወቱን ካለፈች በኋላ ስለሆነ ብርሃኑን እንጂ ሙቀቱን ያን ያህል አይከላከልም። ከውጪ የሚዘጋ መከለያ ቢኖር ችግሩ በቀላሉ ይፈታ ነበር፤ ሕንፃው ግን የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ድምፅ እንምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ጽሕፈት ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ የተሽከርካሪ ድምፅ በሌሊት በአማካይ ከ45 ዴሲቤል በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ይህም የሚለካው ከቤት ውጪ፣ በሕንፃው ፊት ላይ ነው። ዴሲቤል እንደ ሜትር ወይም እንደ ኪሎ የሚደመር መለኪያ አይደለም፤ 10 ዴሲቤል ሲጨምር የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ ያድጋል፣ ለጆሮ ደግሞ በግምት እጥፍ ሆኖ ይሰማል። ብዙ መኪና በሚመላለስበት መንገድ ዳር 70 ዴሲቤል መድረስ ብርቅ ስላልሆነ፣ በምክሩና በኑሮው መካከል ያለው ርቀት ቁጥሩ ላይ ከሚታየው እጅግ ይሰፋል። ቤቱን ያሳየኝ ደላላ «ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነዎት እኮ፤ ጩኸቱ እዚህ አይደርስም» ብሎኝ ነበር። አነጋገሩ የተለመደ ነው፤ እውነትነቱ ግን በከፊል ነው። የማይቋረጥ የመኪና ሰልፍ የሚያወጣው ድምፅ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚቀንሰው 3 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ነው፤ ከዚህም በላይ ከፍ ባለ ፎቅ ላይ ሌላ ሕንፃ ያልከለለው ረጅም መንገድ ስለሚታይ፣ ታች ላለው ሰው የማይሰማው የሩቁ ድምፅ ለላይኛው ይጨመርለታል።

የመንገዱ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። መኪና በፍጥነት ሲሄድ ጎልቶ የሚሰማው የጎማው ድምፅ ነው፤ መብራት ላይ ቆሞ ሲነሣ ግን ሞተሩ ይበረታል። ይህ ሕንፃ መስቀለኛው ላይ በመሆኑ የሚደርሰን ሁለተኛው ነው፤ አረንጓዴ በበራ ቁጥር አውቶቡስና ከባድ መኪና ሲያጓሩ የሳሎኑ መስታወት ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ያለውን ወፍራም ድምፅ ተራ መስታወት በደንብ አያቆመውም። ይባስ ብሎ የሳሎኑ መስኮት ተንሸራታች ነው፤ ተንሸራታች መስኮት የሚታሸገው በሐዲዱ ላይ በተለጠፈ ብሩሽ ስለሆነ፣ እንደ በር የሚከፈተውና ሲዘጋ በጠርዙ ያለውን ማሸጊያ ጎማ የሚጨምቀው መስኮት የሚሰጠውን ጥብቀት አይሰጥም። መኝታ ቤቶቹ ደግነቱ ሁለተኛው ዓይነት አላቸው። ጥብቀቱን ለመፈተን ቀላሉ መንገድ መስኮቱን በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ዘግቶ ወረቀቱን መሳብ ነው፤ ሳይያዝ ሸርተት ብሎ ከወጣ ጎማው አርጅቷል። በትልቁ መኝታ ቤት ወረቀቱ በሦስት ጎን ተይዞ በታችኛው ጎን ወጣ፤ አከራዩ ጎማውን ከለወጡልን ወዲህ የግቢው ወሬ መሰማቱ በግልጽ ቀንሷል። ለአከራይ እጅግ አነስተኛ ወጪ፣ ለተከራይ ደግሞ የሙሉ ሌሊት እንቅልፍ የሆነ ጥገና ከዚህ ሌላ አላውቅም።

ከላይኛው ቤት የሚመጣው ድምፅ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ንግግርና ሙዚቃ በአየር ተጉዘው ግድግዳ ሲያገኙ ይደክማሉ፤ የእግር ኮቴ፣ የሚጎተት ወንበርና የሚወድቅ ዕቃ ግን ኮንክሪቱን ራሱን ስለሚመቱት ሶሌታው ንዝረቱን ተሸክሞ ወደ ታችና ወደ ጎን ያሻግረዋል። የሶሌታው ፊት በቀጥታ ሴራሚክ ከተነጠፈበት፣ በመካከላቸውም ለስላሳ ነገር ከሌለ፣ ታች ያለው ሰው ጣሪያውን ምንም ቢሸፍን የሚያገኘው ለውጥ ትንሽ ነው፤ መፍትሔው ከላይ፣ ድምፁ ከሚነሣበት መምጣት አለበት። የስምንተኛ ፎቅ ጎረቤታችን፣ የሦስት ልጆች እናት፣ ስለ ወንበሮቹ ሳነሣላቸው «ይቅርታ ያድርጉልን፣ እኛ እኮ የሚሰማዎት አልመሰለንም» አሉ፤ በማግስቱ ከእያንዳንዱ ወንበር እግር ሥር ወፍራም ጨርቅ አስለጠፉ። ከልጆቹ ሩጫ በቀር ነገሩ በዚያው ተቋጨ፤ ለልጆች ሩጫ ደግሞ ማንም መፍትሔ የለውም፣ ሊኖረውም አይገባም።

ውሃ በዚህ ሕንፃ ከድምፅ ቀጥሎ ትልቁ ቅሬታዬ ነው። ውሃ 10 ሜትር ከፍ በሚል ቁጥር ግፊቱ በ1 ባር ያህል ይቀንሳል፤ አንድ ፎቅ 3 ሜትር ገደማ ቢሆን፣ ከመሬት በታች ካለው ፓምፕ ተነሥቶ ሰባተኛ ፎቅ እስኪደርስ ከ2 ባር በላይ በመንገድ ይቀራል። ፓምፑ ይህን አስቦ የተመረጠ ነው፤ ችግሩ እየተፈራረቁ እንዲሠሩ ከተተከሉት ሁለት ፓምፖች አንዱ ከተበላሸ መክረሙ ነው። ማለዳ ሁሉም ሰው ለሥራ ሲነሣ የቀረው አንዱ አቅሙ አይበቃም፤ የሻወሩ ውሃ ይቀጥናል፤ ውሃው ሲያልፍ ብቻ የሚሞቀው ማሞቂያ ደግሞ ለመነሣት የተወሰነ ፍሰት ስለሚፈልግ ይጠፋና፣ ሳሙና የተቀባ ሰው ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ይወርድበታል። ውሃው ከጣሪያ ላይ ታንከር በሚወርድበት ሕንፃ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ግፊት የሚያንሰው ለታንከሩ ቅርብ ለሆኑት ለመጨረሻዎቹ ፎቆች ሲሆን ታችኞቹ ይጠግባሉ። ቤት የሚያይ ሰው እንግዲህ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ጠይቆ፣ የሻወሩን ሙቅ ውሃ ከፍቶ፣ በላዩ ላይ የማዕድ ቤቱን ቧንቧ አክሎ፣ ሽንት ቤቱንም ለቅቆ ምን እንደሚሆን ማየት አለበት፤ ይህንንም ሕንፃው ባዶ በሆነበት እኩለ ቀን ሳይሆን ማለዳ ላይ ቢያደርገው ይሻላል።

መታጠቢያ ቤቱ ስንገባ የፍሳሽ ሽታ ነበረው፤ ብዙ ሰው ይህን አይቶ ቤቱን ጥሎ ይሄዳል፣ ሁልጊዜ ግን ትክክል አይደለም። በወለሉ መውረጃ ሥር ያለው ሲፎን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ይዞ የፍሳሹን አየር የሚያግድ ሲሆን፣ ቤቱ ለሳምንታት ባዶ ሲሆን ያ ውሃ ተንኖ መንገዱ ይከፈታል። አንድ ጆግ ውሃ ሲደፋበት ሽታው ከጠፋና ካልተመለሰ ጉዳዩ ይኸው ነው፤ ወዲያው ከተመለሰ ግን የፍሳሽ መስመሩ መተንፈሻ ተደፍኖ፣ የሌላ ቤት ውሃ ሲወርድ የእርስዎን ሲፎን እየመጠጠው ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ በአንድ ቤት ጥገና አይፈታም። በእኛ ቤት የመጀመሪያው ሆኖ ተገኘ። ማዕድ ቤቱ ግን አልታደለም፦ የሁሉም ፎቅ ጭስ መምጠጫ ወደ አንድ ዳክት የሚገፋ ሲሆን፣ አየር ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው ክዳን በእኛ በኩል አልተገጠመም። በዚህም ምክንያት የእኛ መምጠጫ ሲጠፋ የታችኞቹ ፎቆች ምሳ ምን እንደሆነ ምድጃ ሳንለኩስ እናውቃለን።

ስለ ኤሌክትሪኩ የምለው አጭር ነው። ማዕድ ቤቱ የተያዘው በአንድ ባለ 16 አምፔር ብሬከር ነው፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ከ3,500 ዋት ብዙም አያልፍም፤ ባለ 2,000 ዋት ማንቆርቆሪያና የዚያኑ ያህል የሚበላ ምድጃ አብረው ሲበሩ ይዘላል። መዝለሉ የጤና ምልክት ነው፤ ብሬከሩን በትልቅ እንዲቀይር ሰው የሚመክር ባለሙያ ካለ፣ ከሽቦው ውፍረት በላይ የሆነ ብሬከር እሳት እንደሚጋብዝ ማስታወስ ያስፈልጋል።

እርጥበትን በሚመለከት አንድ ነገር በቅርብ ላሳይ። በትንሹ መኝታ ቤት፣ ከሁለት የውጪ ግድግዳዎች መጋጠሚያ ላይ፣ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ያለው ቀለም ከቀረው ግድግዳ ይልቅ ነጣ ያለና አዲስ ነበር። ቤቱ በሙሉ ሳይቀባ አንድ ጥግ ብቻ ሲቀባ ምክንያቱን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ብርዱ ሲጠነክር ያ ጥግ ጥቁር ነጠብጣብ አወጣ። የሻጋታ አመጣጥ ምሥጢር የለውም፦ ከመተንፈስ፣ ከማብሰልና ከመታጠብ የሚነሣው እንፋሎት ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲያገኝ ወደ ውሃነት ይለወጣል፣ ጥግ ደግሞ በሁለት በኩል ስለሚቀዘቅዝና አየር ስለማያገኘው ቀድሞ ይረጥባል። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው በአንድ መዳፍ ወርድ ያህል ማራቅና መስኮቶቹን በየዕለቱ ለጥቂት ደቂቃ ወለል አድርጎ መክፈት ነገሩን አቆመው። ልብስ ቤት ውስጥ የሚያሰጣ ተከራይ ግን ይህ አይበቃውም።

ሊፍቱ አንድ ነው፤ ለዘጠኝ ፎቅ ያንሳል። ሊፍት ከመምጣቱ በፊት በፎቅ ቤቶች ውስጥ ርካሹ ኪራይ የላይኛው ነበር፤ በጥንታዊት ሮም እንኳ ድሀው ከጣሪያው ሥር፣ ባለጠጋው ከታች ይኖር ነበር። በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. ኤሊሻ ኦቲስ ገመዱ ቢበጠስ እንኳ ሊፍቱን ባለበት የሚያስቆመውን ፍሬን በኒው ዮርክ ለሕዝብ ካሳየ፣ በ1857 ደግሞ በዚያው ከተማ በአንድ መደብር ውስጥ የሰው ሊፍት ከተገጠመ በኋላ ነው የላይኛው ፎቅ ውድ መሆን የጀመረው። እኔ የማነሣው ቁም ነገር ይህ ነው፦ የከፍታው ዋጋ ያለው በሊፍቱ ላይ ስለሆነ፣ ሊፍት በየጊዜው በሚቆምበት ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅን በውድ መከራየት ትርጉም የለውም። በውስጡ የተለጠፈውን የመጨረሻ ምርመራ ቀን ማንበብ ከደላላው ማብራሪያ ይልቅ ይጠቅማል። እዚህ ወረቀቱ ጊዜው አላለፈበትም፤ ቢሆንም ሊፍቱ ቆሞ የገበያ ዘንቢል ይዘን ደረጃውን የወጣንበት ቀን ጥቂት አይደለም።

ሰፈሩ ራሱ የቤቱ ትልቁ ሀብት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። አውቶቡስ ከበሩ አጠገብ ይቆማል፤ መድኃኒት ቤት፣ አትክልት ቤትና ትምህርት ቤት በእግር የሚደረስባቸው ናቸው፤ ምድር ላይ ያሉት ሱቆች አምሽተው ስለሚዘጉም ሌሊት ወደ ቤት የሚመለስ ሰው መንገዱን ባዶ ሆኖ አያገኘውም። መኪና ላለው ግን ማቆሚያ ማግኘት ፈተና ነው፤ ስለዚህ ባለመኪና ሌላ ቦታ ቢፈልግ ይሻለዋል።

የኪራይ አገልግሎቱን በተመለከተ ደላላው ትሑትና ቀጠሮ አክባሪ ነበር፤ ሆኖም የሕንፃው የጋራ ወጪ ከኪራዩ ተለይቶ እንደሚከፈል ያነሣው ውል ለመፈረም በተቀመጥንበት ሰዓት ነው። የፓምፕ፣ የሊፍት፣ የጥበቃና የፅዳት ክፍያ ሲደመር ኪራዩን በሚታይ መጠን ስለሚያሳድገው ይህ በማስታወቂያው ላይ መጻፍ ነበረበት። ስለ ማስያዣው ገንዘብ ደግሞ ውሉ ዝምታን መርጦ ነበር፤ መቼ እንደሚመለስና ከምን ላይ እንደሚቀነስ አንድም አንቀጽ አልነበረውም። ሕግ በጠበቀባቸው አገሮች ይህ ለስምምነት የተተወ አይደለም፦ በጀርመን ማስያዣው ተጓዳኝ ወጪዎችን ሳይጨምር ከሦስት ወር ኪራይ እንዳይበልጥና አከራዩ ከራሱ ገንዘብ ለይቶ እንዲያስቀምጠው ይደነገጋል፤ በእንግሊዝ በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት ለአብዛኛው ተከራይ ጣሪያው የአምስት ሳምንት ኪራይ ነው። ሕጉ ያን ያህል ባልጠበቀበት ቦታ ውሉ ራሱ ይህን ሥራ መሥራት አለበት። በጥያቄያችን መሠረት ሁለት ነገሮች በጽሑፍ ገቡ፦ በአጠቃቀም የሚመጣ ተራ እርጅና እንደ ጉዳት እንዳይቆጠር፣ እና ቁልፍ ርክክብ በሚደረግበት ቀን የየክፍሉ ፎቶግራፍና የውሃና የመብራት ቆጣሪው ንባብ ከውሉ ጋር እንዲያያዝ። አከራዩ ሳያንገራግሩ ተቀበሉ፤ ለዚህም ምስጋና ይገባቸዋል።

አስተዳደሩ ግን ቅሬታ ይቀበላል እንጂ አይመልስም። የጋራ ክፍያው በየወሩ ሳያዛንፍ ይሰበሰባል፤ ምን ላይ እንደዋለ የሚያሳይ ሒሳብ ግን አንድም ጊዜ ለነዋሪው አልቀረበም። የተበላሸውን ፓምፕ ጉዳይ በቃል፣ ከዚያም በጽሑፍ አቅርበን ያገኘነው መልስ «ዕቃው ታዟል» የሚል ብቻ ነው።

ዋጋውን ስንመለከት፣ ኪራይ ከገቢ 30 በመቶ እንዳይበልጥ የሚለው ታዋቂ ልክ የመነጨው ከአሜሪካ የመንግሥት ቤቶች ሕግ መሆኑን ማወቅ ጠቃሚ ነው፤ በ1969 እ.ኤ.አ. 25 በመቶ ተብሎ የተቀመጠው ጣሪያ በ1981 ወደ 30 ከፍ ተደረገ። የተቆረጠው ለድጎማ ቤቶች አሠራር እንጂ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ኑሮ ተመዝኖ ስላልሆነ፣ እኔ ኪራዩን፣ የጋራ ክፍያውንና የትራንስፖርት ወጪውን ደምሮ ማየትን እመርጣለሁ። በዚህ ስሌት ይህ ቤት ከከተማው ዳር ካሉት ርካሽ አፓርታማዎች ጋር ያለው ልዩነት ይጠባል፤ ምክንያቱም ለመንገድ የሚወጣው ገንዘብና ሰዓት ይተርፋል። ሥራው መሀል ከተማ ለሆነና ቀኑን ከቤት ውጪ ለሚያሳልፍ ሰው እንዲከራይ እመክራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ሳሎን ተቀምጦ ለሚሠራ፣ ወይም ደረጃ መውጣት ለሚከብደው ሰው አልመክርም።

ውሉን ለማደስ ለአከራዩ ሦስት ጥያቄ በደብዳቤ አቅርበናል፦ የሳሎኑ መስኮት ጎማ በሚጨምቅ ዓይነት እንዲለወጥ፣ የማዕድ ቤቱ ዳክት ክዳን እንዲገጠም፣ የፓምፑ ጥገና እስኪጠናቀቅ ድረስም ኪራዩ ባለበት እንዲቆይ። ክዳኑን ተቀብለዋል፤ የመስኮቱን ወጪ ለመጋራት ሐሳብ አቅርበዋል፤ ስለ ኪራዩ ግን ከሕንፃው አስተዳደር ጋር ተነጋግረው እንደሚያሳውቁን ገልጸዋል።